አሥራ ሰባት ፍሬ ቀይ ሩዝ፦ የዶክተር መስኡዳ አብዱልጀባር ዜና ሕይወት

በዚህ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጣችሁት መካከል፣ የዶክተር መስኡዳን ቀይ ሩዝ በልታችሁ ወይም ዘርታችሁ ስታበቁ፣ «ዘሩ ከማን እጅ ወጣ?» ብላችሁ አንድ ቀን የጠየቃችሁ ማን ናችሁ? እጅ ማውጣት አያስፈልግም። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ይሰማ ነበር።

በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ በመቃብር አፋፍ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ማንበብ የተለመደ አይደለም። የምርምር ጣቢያው ባልደረቦች ግን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የሟች ዜና ሕይወት ሳይነበብ ለቅሶው እንዳይበተን ስለ ለመኑ፣ ቤተሰቡም በሦስተኛው ቀን፣ በሰደቃው ላይ እንዲነበብ ስለ ፈቀደ፣ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። የጻፈችውም የምታነብበውም የሟች ታላቅ እህት ዙለይሃ አብዱልጀባር ናት። ታሪኩ የሟች ስለሆነ ሟች በአንቱታ፣ ጸሐፊዋ ግን በተራ ስሟ ይጠራሉ። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻትን ልጅ አንቱ ማለት ለዙለይሃ ምላስ ቢከብድም ደንቡ ይኸው ነው፤ ታናሿ በሕይወት ሳሉ የወሰዱት ሁሉ አንሶ ይህንንም ጨምረው ወስደዋል።

ዶክተር መስኡዳ ከአባታቸው ከአቶ አብዱልጀባርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሲያ፣ በሐይቅ ከተማ ዳርቻ፣ ውሃው በክረምት እስከ አጥሩ ሥር በሚጠጋበት ሰፈር በ1961 ዓ.ም. ተወለዱ። መስኡዳ ማለት በዐረብኛ ዕድለኛይቱ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ለተወለደችው ለታላቋ ስም ሲወጣ ስለ ዕድል ያሰበ ሰው አልነበረም።

አባታቸው የጨው ነጋዴ ነበሩ። ከባቲ ገበያ ከአፋሮች የገዙትን ጨው በግመል እስከ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ደግሞ በአህያ እስከ ውጫሌና እስከ አምባሰል ደጋ ያደርሱ ነበር። ጭነቱ የሚራገፈው ከቤቱ ጀርባ፣ ወደ ሐይቁ ዘቅዘቅ ባለችው መሬት ላይ ነው። ሃያ ክረምት ሙሉ ዝናቡ ከጆንያው ሥር እያሟሟ ሲያሰርገው፣ ያቺ መሬት ነጭ እያወጣች፣ ሣር እንኳ እየተጸየፋት ሄደች። ወይዘሮ አሲያ የዘሩት ጎመን በሳምንቱ ጫፉ እሳት እንደ ነካው ሲያርርባቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ መሬቷን ገደልካት እኮ!» ይሉ ነበር። እርሳቸውም ከጭነቱ ቀና ሳይሉ፣ «በጨው የሞተ የለም፤ ጣፈጠች በይ እንጂ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ዙለይሃ በአሥር ዓመቷ እዚያች መሬት ላይ ባቄላም ማሽላም ሞክራ፣ ሁሉም ሲደርቅባት፣ ጨው ለወጥ ካማረበት ለተክል ለምን እንደሚከፋ አባቷን ጠይቃ ነበር። ውሃ ቅጂ ተባለች። ከስምንት ዓመት በኋላ ታናሿ በአሥር ዓመታቸው ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቦታ ላይ ቆመው ሲጠይቁ፣ አባታቸው ትከሻቸው ላይ አንሥተው ጎረቤት እየጠሩ፣ «ይቺን ልጅ ስሙልኝ! ይቺ የትም ትደርሳለች!» አሉ። ያን ቀን ዙለይሃ እንስራዋን ተሸክማ በር ላይ ቆማ ነበር። የሰማ ጎረቤት ሁሉ የሚያስታውሰው የሁለተኛዋን ጥያቄ ነው።

ትምህርታቸውን በተመለከተ ዶክተር መስኡዳ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሐይቅ ተምረዋል። ፊደል የቆጠሩት ግን ከዚያ በፊት፣ ታላቅ እህታቸው ጽፋ በጨረሰቻቸው ደብተሮች ጀርባ ላይ ነው። ታላቋ በስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ከወረዳው አንደኛ ወጥታ፣ እናቷ ስለ ታመሙና የሚጠበቅ ልጅ ስለ ነበረ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። የሚጠበቀው ልጅ ማን እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። አባታቸው በ1976 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በዓመቱ ዝናብ ጠፋ፤ ግመሎቹም አለቁ፤ ዙለይሃም በ1977 ዓ.ም. በአሰብ በኩል ባሕር ተሻግራ ሄደች። ሟች በትምህርታቸው ቀጥለው፣ በእርሻ ትምህርት ተመርቀው፣ በ1984 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ባለችው ትንሽ የሰብል ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በእነዚያ ዓመታት ደብተሩንም ጫማውንም ማን ይልክ እንደ ነበረ ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልግም ይሆናል፤ ሳይነገር የቀረ ሁሉ ግን እንዳልተደረገ ስለሚቆጠር፣ ተነግሯል።

ዙለይሃ ብዙ ተንከራታ በመጨረሻ የገባችው በሳውዲ ምሥራቅ፣ አል-አህሳ በሚባል የቴምር አገር፣ አቡ ሱረያ በሚባሉ ዓይነ ስውር ጡረተኛ መምህር ቤት ነው። ሰውየው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መጻሕፍት ነበሯቸው፤ የሚያነብላቸው ግን አልነበረም። ዐረብኛውን እዚያው ተምራ፣ ጠዋት ቤት ስታጸዳ ቆይታ፣ ከሰዓት በኋላ ታሪኩንም ሕጉንም ሕክምናውንም እርሻውንም ስታነብላቸው ሠላሳ ዓመት አለፈ። ምስክር ወረቀት የሌለው ትምህርት ነው፤ ማንም ቆሞ ያላጨበጨበለት።

በዚያ ቤት ጓሮ፣ በቴምሩ ዛፎች መካከል፣ ቀይ ሩዝ ይዘራ ነበር። ከምንጩ የሚመጣው ውሃ ለምላስ ጨው ጨው ይላል፤ ሩዙ ግን እስከ ጉልበት ቆሞ ያፈራል፤ እየቀቀሉም ለአራስ ይሰጡታል። ዙለይሃ ይህን ባየች ቀን ያሰበችው የአባቷን የጨው ማራገፊያ ነው። አውድማው ላይ ገለባው ያልተለየለትን ሁለት እፍኝ ለቀመችና በጨርቅ ቋጥራ አስቀመጠች። በ1984 ዓ.ም. የቤቱ ሰዎች ለሐጅ ሲሄዱ ይዘዋት ሄደው ስለ ነበር፣ የውጫሌውን ሀጂ ዑበይዱላህን፣ የአባቷን የጨው ደንበኛ፣ በመካ አጠገብ፣ በሚና ድንኳኖች መካከል አገኘቻቸው። ጨርቁ በመንገድ እንዳይታይባቸው ዘሩን ከቴምር ከረጢት ሥር በተነችላቸው፤ ደብዳቤ ጽፋም በኪሳቸው ጨመረች። «ይህ ሩዝ ጨው ይችላል። አባታችን ጨው ያራግፍበት በነበረው ቦታ ዝሪውና እይው። ለምን እንደሚችል እኔ አላውቅም፤ አንቺ ተምረሻል፣ አንቺ ፈልጊው» ይላል ደብዳቤው። ሌላም ነገር ነበረበት፤ ዙለይሃ ስታስታውስ የኖረችው ግን ይህንኑ ነው።

ሀጂ ዑበይዱላህ፣ አላህ ይራህማቸውና፣ ውጫሌ እንደ ገቡ ቤታቸው በእንኳን ደህና መጡ ባይ ተሞላ። ከሐጅ የተመለሰ ሰው ዘምዘሙንና ቴምሩን ሳያካፍል አይቀመጥም፤ ከረጢቱ ተፈታ፤ ቴምሩ እየታደለ ሥሩ ላይ ሲደረስ ቀያዮቹ ፍሬዎች ብቅ አሉ። «ሀጂ፣ ይኸ ቀዩ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሏቸው፣ እርሳቸው ደብዳቤውን በኪሳቸው ይዘው፣ የተነገራቸውንም በድካም ረስተው፣ አላውቅም ማለቱ ስላሳፈራቸው፣ «እንጃ፤ ከዚያ አገር የመጣ ነገር መቼም ኸይር አያጣም» አሉ። ይህች ቃል በቃች። ከፊሉ በዘምዘም ተዋጠ፤ ከፊሉ ምጥ ለያዛት ሴት ተበጥብጦ ተሰጠ፤ ወደ ግሸን ሊወጡ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት ክርስቲያን መንገደኞች እንኳ ለበረከት ብለው ጥቂት ፍሬ ቋጥረው ሄዱ።

ሟች፣ ሀጂ ከኪሳቸው አግኝተው በሰው እጅ የላኩላቸውን ደብዳቤ አንብበው ከሐይቅ ውጫሌ ሲደርሱ የሆነውን አምባሰል እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል።

«ሀጂ፣ ከቴምሩ ሥር የተላከልኝ ዘር የታለ?»

«ዘር? የቱ ዘር?»

«ቀዩ፣ እንደ ገብስ ገለባ ያለው።»

«ኧረ ሱብሃነላህ! እሱ ዘር ኖሯል? ልጄ፣ አምባሰል ዋጠው እኮ!»

ሟች ግን አልተመለሱም። ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። አንዷ ባልቴት፣ «አንቺ ልጅ፣ የመካ በረካ ከተዋጠ ወዲያ ይመለሳል? ወይስ ሆዴን ልትቀጂው ነው?» ብለው አባረሯቸው። ሌላዋ ሦስት ፍሬ በልጃቸው ክታብ ውስጥ ሰፍተው ኖሮ፣ ግማሽ ቀን ከተለመኑ በኋላ ስፌቱን ፈትተው ሰጡ። ከከረጢቱ ስፌት ሥር አሥራ አራት ተገኘ። ሁለት እፍኝ የነበረው አሥራ ሰባት ፍሬ ሆኖ ሐይቅ ገባ። ይህ ወግ ሲወራ ልጅቱ እንዴት በእግሯ እንደ ዞረች፣ ባልቴቷ ምን እንዳሉ፣ ክታቡ እንዴት እንደ ተፈታ አንድም ሳይቀር ይወራል። ከወጉ የጎደለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሩዙን ዛሬም «የመካው ሩዝ» የምትሉ አላችሁ፤ መካ ሩዝ አይበቅልም።

አሥራ ሰባቱ ፍሬዎች በዚያው ክረምት በጨው ማራገፊያዋ ላይ ተዘሩ፤ ከጎናቸው ከፎገራ የመጣ ነጭ ሩዝ ተዘራ። ከቀዩ አሥራ አንዱ በቀሉ። መስከረም ሲጠባ ነጩ በሙሉ አርሮ ነበር፤ ከቀዩ ግን አራቱ እስከ ዛላ ደረሱ። ሟች ከሁሉም አስቀድመው ያዩትን ነገር በመጀመሪያው ደብተራቸው ላይ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፤ «ነጩ የሞተው ቅጠሉ ጠግቦ ሥሩ ተርቦ ነው።» ቅጠሉን ቀጥቅጠው ሲለኩት በስኳር ተሞልቷል፤ ሥሩን ሲለኩት ባዶ ነው። ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሠሩት ያንን ስኳር በመንገዱ ላይ ያስቀረው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ከመምህር ሐሰን ጋር በትዳር ተሳሰሩ። ዙለይሃ ለእናቷ የዒድ ልብስ ይሁን ብላ የላከችውን አረንጓዴ ሐር ሙሽራይቱ ለብሰውት ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፎቶው ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ለሟች የተመረጠ እስኪመስል ያምርባቸዋል። ትዳሩ ኢልሀምንና ኢምራንን ሰጣቸው። ወይዘሮ አሲያ በ1993 ዓ.ም. ሲያርፉ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው የመረቁት አጠገባቸው የነበሩትን ሟችን ነው። ምርቃት በስልክም ይደርሳል ይባላል፤ ዙለይሃ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠብቃ ነበር፤ የሰማችው የሌላ ሰው ልቅሶ ነው።

ከ1995 እስከ 1999 ዓ.ም. ሟች በሩቅ ምሥራቅ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለው በዶክተርነት ተመረቁ። ያገኙትም፣ ዙለይሃ ለዚህ ጉባኤ በሚገባ ቋንቋ ስትነግራችሁ፣ ይህ ነው። ስኳር በቅጠል ይበስላል፤ ወደ ሥር ግን በራሱ አይወርድም። በየሕዋሱ ግድግዳ ላይ እንደ በር ሆነው የሚያሳልፉት ፕሮቲኖች አሉ፤ እነዚህ በሮች እንዲሠሩ የሚያዝዙትም ስኳር አመላላሽ የሚባሉ ዘረ-መሎች ናቸው። ጨው ሲመጣ ነጩ ሩዝ ይደነግጥና በሮቹን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ያበሰለውን አቅፎ ይቀመጣል፤ የተራበ ሥርም ጨውን መግፋት አቅቶት ያስገባዋል። ቀዩ ሩዝ ግን ጨው በነካው ሰዓት ከዘረ-መሎቹ ሁለቱን ይበልጥ ያሠራቸዋል፤ ስኳሩ ወደ ታች ይሄዳል፤ ሥሩም በዚያ ጉልበት ጨውን ወደ ውጭ ይመልሳል፣ ያመለጠውንም ወደ ቅጠል እንዳይወጣ ይይዛል። ሟች እነዚያን ሁለት ዘረ-መሎች ከቀዩ ውስጥ አሰናክለው በጨው ውሃ ቢያበቅሉት በአሥራ አንደኛው ቀን እንደ ነጩ ሞተ። በአንጻሩ በነጩ ውስጥ ከልክ በላይ እንዲሠሩ ቢያደርጉም አልዳነም፤ ቅጠሉ ራሱ ተራቆተ። ነገሩ በልክና በጊዜው መሆኑን ያረጋገጡት በዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከቀዩና ከነጩ ያዳቀሉት ዘር ጨው ላጠቃቸው የመስኖ መሬቶች ተሠራጨ፤ ገበሬውም «መስኡዳ» ብሎ ጠራው።

ዙለይሃ ይህን ግኝት የሰማችው ከእህቷ አፍ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ለአቡ ሱረያ የእርሻ መጽሔት ስታነብላቸው አንድ ገጽ ገለጠች፤ ሟች ቀዩን ዛላ በእጃቸው ይዘው፣ ከጀርባቸው ያቺው የአባቷ መሬት፣ ከሩቁ ሐይቁ እያበራ። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቱንም ጊዜ ገባት፤ ያቃጠላት ይኸው ነው። ባይገባት ኖሮ፣ የምሁር ነገር ነው ብላ ትተወው ነበር። እያንዳንዱን ሙከራ እሷም እንደምታደርገው ዐወቀች፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ታናሿ ሁለት ዓመት የፈጀባቸውን ነገር እሷ በአንድ ክረምት ትጨርሰው እንደ ነበረ ዐወቀች። ሩቅ ያለ ቅጠል ያበሰለውን ሁሉ ወደ ሥር ሲልክ ቅጠሉ ምን ይሆናል የሚለውን ጽሑፉ በአንድ መስመር ብቻ አልፎታል፤ «ቀድሞ ይጠወልጋል» ይላል። ስለ ዘሩ ደግሞ «ስሙ እንዲገለጽ ካልፈለገ ሰው የተገኘ» ይላል።

አቡ ሱረያ፣ «ምን ሆንሽ? ድምፅሽ ተቆረጠ» አሏት።

«አቧራ ነው» አለች።

«መጽሔት አቧራ አለው እንዴ? መጽሐፍ ነው እንጂ!» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየዒዱ ከሐይቅ ስልክ ሲደወል ቁጥሩን እያየች እስኪያቆም ድረስ ቆማ ትሰማዋለች፤ አታነሣውም። ካልፈለገ ሰው! ማን ነው ያልፈለገው?

ዶክተር መስኡዳ በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ እየተወሰዱ ደማቸው በመሣሪያ ይታጠብላቸው ነበር፤ ሐኪሞቹም ጨው ፈጽመው ከለከሏቸው። የጨው ነጋዴው ልጅ፣ ዕድሜያቸውን ጨው ሲለኩ የኖሩት ሴት፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝ ቀረበላቸው። «ሥሬ ደከመ» ይሉ ነበር አሉ እየሳቁ። አቡ ሱረያ ሞተው ቤቱ ሲዘጋ ዙለይሃ በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ተመለሰች። አልጋው አጠገብ ስትቆም ልጆቹም ምራቲቱም ከበዋቸው ነበር፤ አንዱ እግር ያሻል፣ አንዷ ፀጉር ትቀባለች፣ የኢምራን ልጅ ሪታጅ ደረታቸው ላይ ተኝታለች። ዙለይሃ በአርባ ዓመት ውስጥ ፀጉሯን የቀባላት ሰው የለም።

«እታለም፣ መጣሽ?» አሉ ሟች። ታላቅ እህታቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጠሯት እታለም እያሉ ነው።

«መጣሁ።»

«ሩዙን አየሽው?»

«አየሁት። መስኡዳ ይሉታል።»

«እነሱ ናቸው የሚሉት። እኔ አንድ ቀን ብዬው አላውቅም።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትይዋለሽ?»

«አፉ ካልሽኝ፣ ይቅር ካልሽኝ፣ እነግርሻለሁ።»

«ምኑን ነው አፉ የምልሽ? አስቀድመሽ የኔን ነገር ለሰው ተናገሪ!»

ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ፤ እርሳቸው በየጠዋቱ «እታለም፣ አፉ በይኝ» ይላሉ፤ እሷ «ተናገሪ» ትላለች፤ እርሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። በግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው፣ ሳይናገሩም፣ አፉ ሳይባሉም ወደ አኼራ ሄዱ። በማግሥቱ በእናታቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ፤ ያንን ቦታ ዙለይሃ ለራሷ ታስበው ነበር።

ይህን ዜና ሕይወት ልትጽፍ ስትቀመጥ፣ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀሚዱ ረቂቅ ይዘው መጡ። ረቂቁ ላይ «ዘሩንም በራሳቸው ጥረት ከውጭ አገር አፈላልገው አስመጥተው» የሚል ነበረበት።

«ይህን ማን ነገረህ?» አለቻቸው።

«እትዬ፣ መቼም ከሰማይ አልወረደ! የዘር መዝገቡ ላይ ምንጭ የሚለው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ስንት ዓመት ጠየቅናቸው፤ ‹አማና ነው፤ የሰው አደራ ነው› ብቻ ነበር መልሳቸው። ሽልማት ሊያስቀርባቸው ሲል እንኳ አልሞሉትም።»

«አስቀረባቸው?»

«አስቀረባቸው እንጂ! ምንጩ ያልታወቀ ዘር ብለው ተዉት።»

ዙለይሃ ስለ ሽልማቱ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ኢልሀምም የእናቷን የቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ገባች። በውስጡ አሥራ ዘጠኝ ደብተር ነበረ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የቀዩ ሩዝ መደብ በየገጹ ራስ ላይ በአንድ ስም ተጽፏል፤ እታለም። እታለም አንድ፣ እታለም ሁለት፣ እታለም ሠላሳ ስድስት። «በአምስተኛው ቀን እታለም አልጠወለገችም።» «ዛሬ ጨው ጨመርኩባት፤ እታለም ቻለችው።» ኢልሀም፣ «እማዬ ጠዋት ማሳ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ‹እታለም እንዴት አደረች?› ብላ ነበር። እኛ የሩዙ ስም ብቻ መስሎን» አለች። የጣቢያው ሠራተኞችም ሁሉ ቀዩን ሩዝ በዚያው ስም እንደሚጠሩት፣ የማን ስም እንደ ሆነ ግን አንዳቸውም እንደማያውቁ ተናገሩ።

ከሣጥኑ ሥር የ1984ቱ ደብዳቤ ተገኘ። የዙለይሃ የገዛ ጽሕፈት ነው። እሷ የምታስታውሰው ካበቃ በኋላ እንዲህ ይላል፤ «የቤቱ ልጆች ዘሩን ለባዕድ አይሰጡም፤ ቢያውቁ ያባርሩኛል። ስሜን ለምታገቢውም፣ ለምትወልጂውም፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ብትነግሪ እኔ ብሞትም፣ አንቺ ብትሞቺም አፉ አልልሽም።»

ዙለይሃ ይህን መጻፏን ረስታ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስልክ ያላነሣችበት፣ ሦስት ወር አፉ ያላለችበት ነገር በእጇ የጻፈችው ትእዛዝ ነው። ሟችም «አንቺ ነሽ እኮ ያልሽኝ» ብለው አንድ ቀን እንኳ አላስታወሷትም። በዚህም በለጧት። በትምህርት በለጧት፣ በትዳር በለጧት፣ በልጅ በለጧት፣ በእናት ምርቃት በለጧት፤ ዝም በማለት እንኳ የምትበልጣቸው መስሏት ነበር። ዙለይሃ ያን ቀን ከአቶ ሀሚዱ እጅ ብዕሩን ተቀብላ፣ የዘር መዝገቡ ባዶ ቦታ ላይ «ከዙለይሃ አብዱልጀባር እጅ፣ ከአል-አህሳ» ብላ ሞላችው። አማናውን ያፈረሰችው ራሷ ናት። ስሟን ባየችው ጊዜ ደስ ይለኛል ብላ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃ ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ አየችው፤ ከዚያ መዝገቡን ዘጋችው።

ዶክተር መስኡዳ አብዱልጀባር ባለቤታቸውን መምህር ሐሰንን፣ ልጆቻቸውን ኢልሀምንና ኢምራንን፣ የልጅ ልጃቸውን ሪታጅን፣ አሥራ ዘጠኝ ደብተር፣ ጨው የማይገድለው አንድ ዘርና አንዲት ታላቅ እህት ትተው አልፈዋል። አላህ በራሕመቱ ይቀበላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ጥማቸውን ከጀነት ወንዝ ያርካላቸው፤ የተከለከሉትን ጨው ሁሉ በማይጎዳበት አገር ይመልስላቸው። አሚን።

አሁን ሼሁ ይነሡና እንደ አገራችን ደንብ፣ «በሟች ላይ ሐቅ ያለው ሁሉ አፉ ይበል» ይላሉ፤ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» ትላላችሁ። በቀብሩ ዕለትም ብላችኋል፤ ዙለይሃ ከንፈሯን አላነቃነቀችም፤ ሼሁም አይተዋታል። ዛሬም የምትለውን ከወዲሁ ዕወቁት። ሀጂ ዑበይዱላህን አፉ አላለችም፤ አላውቅም ማለት ያሳፈራቸው ሰው ናቸው። ዘሩን የዋጠውን አምባሰልን አፉ አላለችም። እንስራ ያሸከሟትን አባቷን፣ በስልክ ሳይመርቋት የሄዱትን እናቷን፣ ሠላሳ ዓመት ማን ነው ብሎ ሳይወተውት የኖረውን ባልዮውን፣ ስም ለጎደለበት ወረቀት ሽልማት የነፈጉትን አፉ አላለችም። ያቺን ደብዳቤ የጻፈችውን ሴት አፉ አላለችም። እንዲህ ያለውን የሞኝ ትእዛዝ እስከ ጉድጓድ ድረስ የጠበቁትን መስኡዳንም አፉ አላለችም። ሐቅ ያለበት ሰው በቂያማ ቀን ባለ ሐቁ ፊት ሳይቆም አያልፍም ይባላል። ይቁሙ። ዙለይሃ እዚያ ትጠብቃቸዋለች።

ሼሁ ሦስት ጊዜ ቢጠይቁም መልሷ አንድ ነው። አፉ አላለችም፤ አትልም።